ብማር ይቆረጥብኛል?

ኮራል ስታብስን የማውቃት እጆቿ ገና ጤነኛ ሳሉ ነው። በእንግሊዝ የወደብ ከተማ ግሪምስቢ ውስጥ፣ ከዓሣ ገበያው ብዙም በማይርቀው መንገዳችን ላይ፣ የእነሱ ቤትና የእኔ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። እናትየዋ ሲልቪያ፣ ትልቋ ልጅ ማንዲ፣ ትንሿ ደግሞ ኮራል ናቸው። በእህትማማቾቹ መካከል የአሥራ ሦስት ዓመት ልዩነት አለ። አባታቸው አንድ ሰኞ ሥራ ፍለጋ ብሎ ወደ ስኮትላንዷ አበርዲን ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

ኮራልን በሽታው የጀመራት በሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ሐኪሞቹ የገዛ አካሏ መገጣጠሚያዎቿን እየበላ ነው አሏት። በሁለት ዓመት ውስጥ ጣቶቿ ወደ ጎን ተጣመሙ፤ ጉልበቶቿ አበጡ፤ ባለ ጎማ መደገፊያዋን ሳትይዝ ከደጅ መውጣት ተሳናት። ልብስ መቆለፍ፣ ጸጉር ማበጠር፣ ድስት ማንሳት፣ ሁሉም ቀረ። ማንዲ ከዓሣ ፋብሪካው ለቃ ቤት ዋለች። መንግሥት ለኮራል ሁለት ዓይነት ገንዘብ ይሰጣት ጀመር፤ አንደኛው መሥራት ለማይችል ሰው የሚሰጥ የኑሮ ድጎማ፣ ሌላው ለጉዳቷ የሚከፈል አበል ነው። ማንዲም እሷን ስለምትንከባከብ የአስታማሚ አበል ታገኛለች፤ ይህ የሚከፈላት ግን የኮራል የጉዳት አበል እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

"የሷ ከተነካ የኔም አለቀ፣ ኔቪል" ትለኝ ነበር ማንዲ፣ አጥሩ ላይ ተደግፋ ሲጋራዋን እያጨሰች። "አንድ ቀን ድና ብትነሳ እኔ መንገድ ላይ ነኝ።" ትስቃለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ። ታክሲ ነጂ ነኝ፤ ከሰው ጋር መሳቅ የሥራዬ ግማሽ ነው።

ከዚያ እናታቸው ሲልቪያ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰና አንደበቷ ተዘጋ። በየሐሙሱ አንዲት የንግግር ሕክምና ባለሙያ ትመጣ ነበር፤ ቀይ ጫማ የምታደርግ ወፍራም ሴት። ሲልቪያ ፊት ትቀመጥና ምላሷን እያወጣች፣ ከንፈሯን እያሞጠሞጠች፣ እንደ ሕፃን ታጫውታታለች። ሰባት ወር ሙሉ ምንም የለም። በስምንተኛው ወር ማንዲ ሾርባ ስታጎርሳት አንገቷ ላይ ብታፈስባት፣ ሲልቪያ "አንቺ ደነዝ!" አለች፤ ጥርት አድርጋ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኮራል ስትነግረኝ ባለሙያዋ አልቅሳለች። ሲልቪያ ከዚያ በኋላ ኮራልን በስሟ ለመጥራት በቃች፤ ውሃ ለማለትም በቃች፤ ከዓመት በኋላ ሞተች።

ኮራል ያንን ሥራ መሥራት ፈለገች። "ለዚህ ጣት አያስፈልገኝም" አለችኝ። "አፍ፣ ጆሮና ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ትዕግሥትማ ጣቶቼ አስተምረውኛል።"

ኮሌጁ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ የአንድ ዓመት የሙሉ ቀን ትምህርት ነበረው። አመለከተች፤ ተቀበሏት። ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። መልስ የጠፋለት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ብማር ይቆረጥብኛል?

ገንዘቡን በሚሰጣት መሥሪያ ቤት ዘንድ ተወካይዋ ተብላ የተመዘገበችው ማንዲ ስለሆነች፣ ልደውልልሽ አለች ማንዲ። ስልኩን ይዛ ኩሽና ገባችና በሩን ዘጋች። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ወጣች።

"አይሆንም" አለች። "ክፍል በገባሽበት ቀን ሁሉንም ይቆርጡታል። ሰውየው በግልጽ ነው የነገረኝ። ክፍል ውስጥ መቀመጥ ከቻለች ቢሮም መቀመጥ ትችላለች፣ አለኝ።"

"እንደዚያ ብሎ ነው ያለሽ?"

"ቃል በቃል። ይቅርታም ጠይቆኛል፣ ደህና ሰው ነው።"

ኮራል ለኮሌጁ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈች። በሁለት አውራ ጣቶቿ አንጓ ስልኳ ላይ እየነካካች ስትጽፈው ግማሽ ቀን ፈጀባት።

አራት ዓመት እንዲሁ አለፈ። በየዓመቱ መስከረም ሲደርስ ትጠይቃለች፤ በየዓመቱ ማንዲ ያንኑ መልስ ትሰጣታለች። ኮራል ሌላ ቦታ መፈለግ ጀመረች። ኢንተርኔት ላይ የአካል ጉዳተኞች መወያያ ውስጥ ገባች። እዚያ ባሪ የሚባል፣ ለሁሉም ጥያቄ መልስ ያለው ሰው ነበር። "እስር ቤት ነው የምትገቢው፤ የአክስቴ ልጅ ገብቷል" ብሎ ጻፈላት። በማግስቱ ሌላዋ ሴት "ምንም አይነኩሽም፣ እንዳትነግሪያቸው ብቻ" አለቻት። አንዱ ደግሞ "ግብራችንን እየበላችሁ ዩኒቨርሲቲ አማራችሁ" ብሎ ሰደባት፤ አርባ ሰው ወዶለታል። ወደ ኮሌጁ ስትጽፍ "እሱን ገንዘቡን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ነው የሚያውቀው" አሏት። ወደ መሥሪያ ቤቱ በኮምፒዩተር ስትጽፍ "እኛ የትምህርት ምክር አንሰጥም፤ ኮሌጅዎን ይጠይቁ" አሏት። ሁለቱንም ደብዳቤ አትማ አንድ ላይ ግድግዳ ላይ ለጥፋቸው አይቻለሁ።

ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲሆናት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ማስታወቂያ አየች። በየማክሰኞው፣ ከሰዓት በፊት፣ ከአሮጌው ጸሎት ቤት ጀርባ ባለው አዳራሽ፣ በነጻ ምክር ይሰጣል ይላል። ማንዲ አልወስድሽም አለቻት። "ሽማግሌ ጡረተኛ ምን ያውቃል? ሻይ ለመጠጣት ነው የሚሰበሰቡት።" ስለዚህ እኔ ወሰድኳት።

ሚስተር ኦልድሮይድ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በሁለቱም ጆሮው የመስሚያ መሣሪያ አድርጓል። ዕድሜውን የፈጀው የባቡር ሰዓት ሠሌዳ ሲያዘጋጅ ነው። ፊቱ ያለው ጠረጴዛ ላይ እንደ ጡብ የወፈረ የሕግ መጽሐፍ አለ፤ ወረቀቶች በየገጹ ተሰክተውበታል። እኔ መደገፊያዋን ይዤ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር።

"እስቲ ንገሪኝ፣ ልጄ" አላት።

ነገረችው። ሳያቋርጣት ሰማ።

"አይቻልም ያለሽ ማን ነው?"

"መሥሪያ ቤቱ።"

"መሥሪያ ቤት አይናገርም። ሰው ነው የሚናገረው። ስሙ ማን ይባላል? መቼ ነው ያለው? በጽሑፍ ነው በቃል?"

"ለእህቴ ነው የነገራት። በስልክ።"

"እሺ።" መጽሐፉን ገልጦ ወደ እሷ አዞረው። "እኔን አትመኚኝ። ራስሽ አንብቢው። ጮክ ብለሽ፣ ጆሮዬ አስቸጋሪ ነው።"

አነበበች። የሙሉ ቀን ተማሪ ድጎማ አያገኝም ይላል። ከዚያ ከሥሩ፣ የጉዳት አበል የሚያገኝና ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት መሥራት እንደማይችል በምርመራ የተረጋገጠለት ሰው ግን ያገኛል ይላል። 

"ያንቺ ምርመራ መቼ ነው የተወሰነው?" አላት።

"ከስድስት ዓመት በፊት።"

"እንግዲያ ድጎማሽ አይቆረጥም። የጉዳት አበልሽን ደግሞ ትምህርት ጭራሽ አይነካውም፤ እሱ የሚጠይቀው ምን ታጠኛለሽ ብሎ ሳይሆን ምን እርዳታ ያስፈልግሻል ብሎ ነው። የእህትሽም እንዲሁ። ከመጀመርሽ በፊት በጽሑፍ ታሳውቂያቸዋለሽ፤ ቅጂ ትይዣለሽ። በቃ።"

"ከአራት ዓመት በፊትም እንዲሁ ነበር?"

ሽማግሌው ምርመራው የተወሰነበትን ቀን ደግሞ ጠየቃት፤ ከሌላ የቆየ መጽሐፍ ጋር አመሳከረ። "አንቺን በሚመለከት፣ አዎ። ያኔም ትችዪ ነበር።"

በታክሲው ተመለስን። ቤቷ በር ላይ ስንደርስ "ሰውየው ተሳስቶ ነው ማንዲን ያሳሳታት" አለች። እህቷን አልጠረጠረችም።

የጠረጠረው ኦልድሮይድ ነው። ስህተቱን የሠራውን ሰራተኛ እንክሰሰው በሚል ሰበብ፣ መሥሪያ ቤቱ ስለ እሷ የያዘውን የጥሪ መዝገብ በሙሉ እንዲሰጣት ጥያቄ አስገባ። መልሱ በአምስት ሳምንት መጣ። በተባለው ወር ከእሷም ሆነ ከተወካይዋ የተደረገ ጥሪ የለም። በቀጣዮቹም ዓመታት ስለ ትምህርት በስልክ የጠየቀ ሰው የለም።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ ቤቴ ሆኜ የተጠበሰ ድንች እየበላሁ ነበር። ግድግዳችን ስስ ነው።

"አልደወልሽም" አለች ኮራል።

"ምኑን?"

"አርባ ደቂቃ ኩሽና ውስጥ ምን ትሠሪ ነበር?"

ማንዲ ሳቀች። "ሻይ ጠጣሁ። ሁለት ስኒ። አሁን ደስ አለሽ?"

"አራት ዓመት፣ ማንዲ።"

"አራት? እኔ የስንት ዓመት ልቁጠር? እናትሽን ማን አጠበ? አንቺን ማን ያለብሳል? ሰባት ወር ዳይፐር ቀይሬላት፣ ከአፏ የወጣልኝ ቃል ምንድን ነው? ደነዝ! ላንቺ ስምሽን ጠራችልሽ። ለኔ ደነዝ።"

"እና እኔ ምን አደረግኩሽ?"

"ትሄጃለሽ። ያንን ትምህርትሽን ትጨርሺና ቀይ ጫማሽን አድርገሽ ትሄጃለሽ። እኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ዓሣ ከመበለትና አንቺን ከማልበስ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ማን ነው እኔን የሚቀጥረኝ፣ ፕሮፌሰር?"

ቀጥሎ የሳህን ድምፅ ሰማሁ። ማን እንደወረወረው አላውቅም፤ ኮራል ግን ሳህን መወርወር አትችልም።

በዚያው መስከረም ኮራል ኮሌጅ ገባች። ሁሉንም ኦልድሮይድ እንዳላት አደረገች፤ አስቀድማ በጽሑፍ አሳወቀች፤ ቅጂ ያዘች፤ ማህተም ያለበት የኮሌጁን ደብዳቤ አያያዘች። የሚገርመው ማንዲ በየጠዋቱ ማልበሷን አላቋረጠችም። ሳይነጋገሩ ታለብሳታለች፤ ሳይነጋገሩ በር ድረስ ትሸኛታለች። ጠዋት ጠዋት የማደርሳት እኔ ነበርኩ። ኮራልን እንደ እነዚያ ሦስት ሳምንታት ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ስለ ጉሮሮ ታወራለች፤ ስለ ምላስ ጡንቻ ታወራለች። "ምላስ ስምንት ጡንቻ አላት፣ ኔቪል፣ ያንተ ግን አሥር ሳይኖራት አይቀርም" ትለኛለች። አዎ፣ ወሬኛ መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ወደ መጥፎው ነገር የገባሁትም በምላሴ ነው። አንድ ሐሙስ ኮሌጁ በር ላይ ያለው ተዳፋት መወጣጫ በቆሻሻ ማጠራቀሚያዎች ተዘግቶ አገኘነው። ሦስት የድንጋይ ደረጃ አለ። ልሸከምሽ አልኳት፤ እምቢ አለች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ብረቱን በክንዷ አቅፋ፣ አንድ በአንድ ወጣች። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጅቶባታል፤ ሰዓቴን አይቼ ነበር። ላይ ስትደርስ ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግን ትስቃለች። መደገፊያዋን አቀበልኳትና ሄድኩ። በማግስቱ መነሳት አቅቷት ቤት ዋለች።

እኔ ግን ያን ዕለት ማታ ማንዲን አጥሩ ላይ ሳገኛት የነገርኳት ደስ የሚለውን ብቻ ነው። ይታረቁ ይሆናል ብዬ ነው፤ እህቷ ትኮራባት ይሆናል ብዬ። "ኮራልን ብታያት!" አልኳት። "ቦርሳዋን አንግታ ሦስት ደረጃ ወጣች፣ ያለ መደገፊያ!"

"እውነት?" አለችኝ ማንዲ። "ያለ መደገፊያ?" ሲጋራዋን በእግሯ አጠፋችና ገባች።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ደብዳቤ መጣ። ስለ እርስዎ ጥቆማ ደርሶናል፤ ማጣራቱ እስኪያበቃ ድረስ ክፍያዎችዎ በሙሉ ታግደዋል ይላል። ኮራልን ለምርመራ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ኦልድሮይድም አብሯት ገባ። በሩ ውጭ ቆሜ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ። ስትወጣ ወደ እኔ መጣችና አጠገቤ ቆመች።

"ሦስት ደረጃ" አለችኝ።

"ምን?"

"ቦርሳ አንግታ፣ ያለ መደገፊያ፣ ሦስት ደረጃ ወጣች ይላል ጥቆማው። ሐሙስ ዕለት፣ ይላል። በዚያች ሰዓት አንተ ብቻ ነበርክ፣ ኔቪል። ስንት ሰጡህ?"

በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ ሰካራም መኪናዬ ውስጥ አስመልሶብኝ መልሶ ሰድቦኛል። እንደዚያን ቀን ግን አልተሰደብኩም። ኦልድሮይድ ኮቱን እየቆለፈ ፊቴን ያያል። ዝም ብል ኖሮ እኔን ትጠላኝና ከእህቷ ጋር ትኖር ነበር። ዛሬም ድረስ የትኛው ይሻል እንደነበር አላውቅም።

"እኔ አልጠቆምኩም" አልኳት። "ለማንዲ ነው የነገርኳት። ለማንዲ ብቻ።"

 ጥቆማው ውስጥ ሌላም ነገር እንዳለ በኋላ ኦልድሮይድ ነገረኝ፤ ጥሩ በሆነላት ቀን ከመኝታ ቤቷ እስከ መጸዳጃ ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች ይላል። ያንን ደግሞ እኔም አላውቅም ነበር። ያንን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ማንዲ አልካደችም። ቤት ስንገባ ምድጃው አጠገብ ቆማ ነበር።

"ከትምህርቱ ብቻ የሚያስወጡሽ መስሎኝ ነው" አለች። "ገንዘቡን ይነካሉ አላልኩም።"

"ያንቺም ታግዷል" አላት ኦልድሮይድ። "የአስታማሚ አበልሽ በሷ ላይ የቆመ ነው።"

ማንዲ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "የኔም?" አለች። ኮራል በዚህ ጊዜ ሳቀች። ያን ሳቅ ሰምቼ ከቤቱ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት ሆነ። ማንዲ ወደ ዓሣ ፋብሪካው ተመለሰች፤ ከቤት የምትወጣው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ኮራልን በዚያ ሰዓት ቀስቅሳ ታለብሳታለች፤ ወይም ሲረፍድባት ሳታለብሳት ትሄዳለች። ኮራል የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሰዓት በኋላ የምትቀመጥባቸው ቀኖች ነበሩ። እኔ ሚስት የለኝም፤ ሴት ልጅ ማልበስ ለእኔ ነውር ነው፤ እሷም አልጠየቀችኝ። በነጻ አደርስሻለሁ ብላት "ካንተ ምንም አልፈልግም" አለችኝ። ለአምስት ሳምንት በአውቶቡስ ሞከረች። ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ዝናብ ላይ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ወደቀች፤ ጉልበቷ ተቀደደ። ኮሌጁ መቅረቷ ከተፈቀደው በላይ ሆኗል ብሎ ከመዝገብ ሰረዛት። ደብዳቤው ትሑት ነው፤ መልካም ዕድል ይመኛል።

ማጣራቱ መሥራት ትችላለች ብሎ ክፍያዎቿን በሙሉ ስለቆረጠ፣ ኦልድሮይድ ይግባኝ አስገባ። አሥራ ሦስት ወር ፈጀ። ሦስት ዳኞች ፊት ቀረብን፤ አንዷ የሕግ ሰው፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዷ ራሷ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ ሴት። እኔ ምስክር ሆንኩ።

"ደረጃውን ስትወጣ አይተዋል?" አለችኝ ዳኛዋ።

"አይቻለሁ።"

"ምን ያህል ጊዜ ወሰደባት?"

"አሥራ አንድ ደቂቃ።"

"ለሦስት ደረጃ?"

"ለሦስት። በማግስቱም መነሳት አልቻለችም።"

"ይህንን ለጠቋሚው ነግረውት ነበር?"

"አልነገርኩም" አልኩ። "የነገርኳት መውጣቷን ብቻ ነው።"

ሐኪሙ የኮራልን እጆች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አየ። ብዙ አልቆዩም። ሁሉም ክፍያ ካቆመበት ጀምሮ እንዲመለስላት ወሰኑ፤ ትምህርቱም ከመጀመሪያው የሚፈቀድላት እንደነበር ጻፉ። ኦልድሮይድ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበላት። እሷም በዚያው ቀን ወደ ኮሌጁ ደወለች፤ የእሷ ትምህርት ተማሪ አንሶት ባለፈው ሰኔ ተዘግቷል። ቅርቡ አሁን ከወንዙ ማዶ፣ ሃል ከተማ ያለው ነው፤ በሁለት ባቡር።

የችሎቱ አዳራሽ በር ላይ ኦልድሮይድ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ "ጥፋቱ የኔም ነው" አላት። "ሕጉ ምን እንደሚል ነገርኩሽ። ሰው ቢጠቁምብሽ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ግን አልነገርኩሽም። መንገር ነበረብኝ።"

"እርስዎ አልዋሹኝም" አለችው ኮራል። "ያ ይበቃኛል።" ለእኔ እንዲህ አላለችኝም።

ገንዘቡ ከተመለሰ በኋላ ማንዲም የራሷን አበል እንደገና ለማስጀመር ቅጽ አመጣች። ያን ቀን እኔም እዚያ ነበርኩ፤ የተበላሸ ቧንቧቸውን ላስተካክል ገብቼ። ማንዲ የዓሣ ሽታ ያለውን የሥራ ጃኬቷን እንኳን አላወለቀችም። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ወፍራሙን እስክሪብቶ በኮራል ጣቶች አንጓ መካከል አስገባችላት።

"እዚህ ጋ ነው። እህቴ ታስታምመኛለች ብለሽ ፈርሚልኝ።"

ኮራል ቅጹን ረጋ ብላ አነበበችው። ከዚያ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ለቀቀችው።

"አልፈርምም።"

"ቀልድሽን ተዪ። ጀርባዬ አልቋል፣ ኮራል። ያ ፋብሪካ ገደለኝ። እጄን እዪው።" እጇ በበረዶው ውሃ ቀልቶ ተሰነጣጥቋል።

"አየሁት።"

"እና?"

"ማዘጋጃ ቤቱ ሰው ይልክልኛል። ባለፈው ሳምንት አመልክቻለሁ።"

"ማንን? የማታውቂው ሰው ያለብስሽ?"

"አዎ። የማላውቀው።"

ማንዲ ወደ እኔ ዞረች። "ንገራት እንጂ፣ ኔቪል! አሥር ዓመት! ሕይወቴን አይደል የሰጠኋት?"

እኔ የቧንቧውን ብሎን ይዤ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ነበር። ዝም አልኩ። ለአንድ ጊዜ እንኳን ዝም ማለት ቻልኩ።

"ቤቱ በእናታችን ኑዛዜ ለሁለታችንም ነው የተላለፈው" አለች ኮራል። "አላባርርሽም። ከፈለግሽ ኑሪ። እኔን ግን አትንኪኝ።"

ማንዲ ቅጹን አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተች። ሁለት ሳምንት ቆየች። ከዚያ እዚሁ አጠገባችን ባለችው የባሕር ዳር ከተማ፣ ክሊቶርፕስ ውስጥ ከፋብሪካ ጓደኛዋ ጋር ክፍል ተጋርታ ገባች። ዕቃዋን የጫነችው የእኔው መኪና ላይ ነው፤ ሁለት ሻንጣና አንድ የእናቷ መብራት።

ለኮራል ከማዘጋጃ ቤቱ የምትመጣው ጃስሚን የምትባል ልጅ ናት። የምታዳርሰው ብዙ ቤት ስላላት ለእያንዳንዱ ያላት ሃያ ደቂቃ ነው፤ ኮራል ጋ የምትደርሰው ረፋዱ ላይ፣ አምስት ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ ኮራል የጠዋት ትምህርት መግባት አትችልም፤ ሃልን ተወችው። አሁን በኮምፒዩተር የሚሰጥ ትምህርት ጀምራለች፤ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ከመመዝገቧ በፊት ለኦልድሮይድ አሳይታዋለች። ከእኔ ጋር ሰላም እንባባላለን። ከሰላምታ አያልፍም።

በቀደም ቅዳሜ ክሊቶርፕስ ባሕር ዳር ላይ አንዲት ሴት እጇን አነሳች። ማንዲ ነበረች፤ ሁለት የገበያ ከረጢት ይዛለች። መኪናው ውስጥ ገባች። ሁለተኛው የመንገድ መብራት ላይ ቆምን።

"ማን ነው የሚያለብሳት?" አለችኝ።

"አንዲት ልጅ ናት። ጃስሚን።"

"በስንት ሰዓት ትመጣለች?"

"አምስት ሰዓት ገደማ፣ ረፋዱ ላይ።"

"እስከዚያ በሌሊት ልብሷ?"

"በሌሊት ልብሷ።"

"ይበላት" አለች ማንዲ። በመስኮቱ ወደ ባሕሩ ታያለች፤ ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ብቻ ነው የሚታየው። ቤቷ ጋ ስንደርስ ሒሳቧን ከፍላ ከረጢቶቿን አነሳች፤ ግን በሩን ሳትዘጋ ቆመች።

"ልጅቷ ግራ እጇን ቀድማ እንድታስገባ ንገራት" አለች። "ትከሻዋ በዚያ በኩል አይነሳም። ቀኙን ካስቀደመች ያማታል። አትናገርም እንጂ ያማታል።"

እሺ አልኳት።

በማግስቱ ጃስሚን ከኮራል ቤት ስትወጣ በር ላይ አገኘኋት። ሌላ ቤት ልትደርስ እየሮጠች ነበር። እንደምን አደርክ አለችኝ ሳትቆም። እንደምን አደርሽ አልኩ፣ እኔም፣ ከዚያ ሌላ ምንም አልነገርኳት። ከእንግዲህ ወዲህ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ቃል አላደርስም ብዬ ለራሴ ምያለሁ፤ በዚያ ግድግዳ በኩል ግን በየቀኑ፣ ረፋዱ ላይ፣ ጃስሚን ስታለብሳት ኮራል ትንፋሿን ስትስብ እሰማታለሁ።